ስም ብቻ አይመዘን፤ የሥራው መዝገብም ይታይ



በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ማገልገል ከጀመርሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ዓምድ የሚወጣውን የአንባብያን አሳብ ዘወትር ተከታትዬ አነባለሁ እንጂ እኔ ራሴ ብዕር አንሥቼ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በየመሥሪያ ቤቱ እየተስፋፋ የሄደው፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ሆኖ በነፃ የሚገኘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አመራረጥ ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ምርጫው ሲበላሽ ጉዳቱ የሚደርሰው በእኛ በጸሐፊዎቹና ከበራችን ቆሞ በሚጠብቀው ባለጉዳይ ላይ ስለ ሆነ፣ ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም።

አስቀድሜ የደረሰብኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍላችን የገቢና የወጪ ደብዳቤ መመዝገቢያ የሚሆን ፕሮግራም እንዲመረጥ ታዘዘና አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤውን ያዝሁ። ለግዢ የተያዘ በጀት ስላልነበረ በነፃ ከሚገኙት መካከል እንዲሆን ተስማማን፤ ሦስት ፕሮግራሞችም ቀረቡ። ከሦስቱ አንዱ በኢንተርኔት ላይ ከሌሎቹ ይበልጥ የተመሰገነና ተመልካቾች «ኮከብ» የሚሉትን የምስጋና ምልክት በብዛት ያገኘ ነበር። ከአባላቱ አንዱ «ይህን ያህል ሰው የወደደው ነገር መቼም መጥፎ አይሆንም» ሲል ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ስብሰባው የፈጀው ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም።

ሦስት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራንበት። ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ተነሥተው አዲሶች ሲተከሉ ፕሮግራሙ በአዲሶቹ ላይ አልከፈት አለ። የሦስት ዓመት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀንና ፍሬ ነገር በውስጡ ተዘግቶ ቀረ። በዚያው ሳምንት አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ስለ ጡረታ ጉዳይ የጻፍንላቸውን ደብዳቤ ቁጥር ፈልገው መጡ። «ነገ ይመለሱ» አልኋቸው። በማግሥቱ ተመለሱ፤ አሁንም «ነገ» አልኋቸው። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ ይኸ ነገር በወረቀት መዝገብ ጊዜ ይሻል ነበር» ብለውኝ ሄዱ። የምመልስላቸው ቃል አጣሁ። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማዬ አለበትና።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ለእኅቴ ልጅ አጫወትሁት። ልጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ጥቂት አሰብ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህን ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት የሥራ መዝገቡን አይታችሁት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የምን መዝገብ?» አልሁት። በእጅ ስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ፕሮግራሙን የሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ለውጥ ያደረገው እኛ ፕሮግራሙን ከመምረጣችን ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ተጠቃሚዎች ያቀረቡት አቤቱታ መልስ ሳያገኝ ተደርድሮ ተቀምጧል። ኮከቡ ግን እየጨመረ ይሄድ ነበር። ሠሪው ጥሎት የሄደውን ቤት እኛ ከውጭ ቀለሙን አይተን ተከራየነው ማለት ነው።

የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሠሪው አይደለምና። ሰውየው በነፃ ሰጠ፤ ዕድሜ ልኬን እጠብቅላችኋለሁ ብሎ አልማለም። ደግሞም ኮዱ ክፍት በመሆኑ የእኅቴ ልጅ አንብቦት፣ መረጃው እንዴት እንደ ተቀመጠ ተረድቶ መዝገባችንን አወጣልን። ለእኒያ እናትም የደብዳቤያቸውን ቁጥር በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ መዝገባችን እንዲህ በቀላሉ ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር በትርፍ ጊዜዬ ስመረምር ቆይቻለሁ። የተረዳሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ባካፍል መልካም መስሎ ታየኝ።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር ነው። ጽሑፉም ኮድ ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ኮዱን ቆልፈው ሥራውን ብቻ ይሸጣሉ። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ግን ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነበው፣ እንዲያርመው፣ ያረመውንም ለሌላው እንዲያካፍል ተፈቅዶ የሚወጣ ነው። አሠራሩ በአገራችን ደቦ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። ከዚህም ሌላ ለእኛ ለመዝገብ ቤት ሰዎች ደስ የሚል ጠባይ አለው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ተመዝግቦ በይፋ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮግራሞችን ለማወዳደር የፈለገ ሰው ወሬ መስማት አያስፈልገውም። መዝገቡ ተገልጦ ተቀምጧል። ኦፕን ሃብን የመሰሉ የብዙ ፕሮግራሞችን መዝገብ ሰብስበው የሠሪዎቹን ቁጥርና የለውጡን ብዛት ጎን ለጎን የሚያሳዩ ድረ ገጾችም አሉ።

ለምሳሌ ያህል እኛ ጸሐፊዎች የምናውቃቸውን ሁለት የጽሕፈት ፕሮግራሞች ላንሣ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስታር ኦፊስ የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም በጀርመን አገር ተሠርቶ ነበር። ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 ገዛውና በ2000 ኮዱን ለሕዝብ ከፍቶ ኦፕን ኦፊስ አሰኘው። በ2010 መጀመሪያ ኦራክል የተባለው ሌላ ኩባንያ ሳንን ጠቅልሎ ገዛ። በዚህ ጊዜ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ የሥራው ነገር አሠጋቸውና በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባለውን ማኅበር መመሥረታቸውን አስታወቁ። የዚያኑ ኮድ ቅጂ ይዘውም ሊብሬ ኦፊስ በሚል ስም መሥራት ጀመሩ። ኦራክልም በ2011 ኦፕን ኦፊስን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ። እንግዲህ ሁለቱ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው።

ታላቅየው ስሙን ወረሰ፤ ታናሽየው ሠራተኞቹን ወሰደ። አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? በስም ከሆነ ኦፕን ኦፊስ እጅግ የታወቀ ነው። በ2020 ሃያኛ ዓመቱ ሲከበር፣ በአፓቺ እጅ ከገባ ወዲህ ሰዎች ከ300 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደ ወሰዱት ተነግሯል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ኦፕን ኦፊስ በ2014 4.1 የተባለውን እትም አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር በሚበልጡ ዓመታት የወጣው ሁሉ የዚያው የ4.1 እርማት ነው። በ2016 የሥራው መሪ ራሳቸው በቂ ሠሪ በመጥፋቱ ሥራውን ስለ መዝጋት መነጋገር እንደሚያስፈልግ በይፋ ጽፈው ነበር። በዚያው ዓመት የተገኘ አንድ የጸጥታ ጉድለት ተሟልቶ የታረመበት እትም እስኪወጣ ድረስ ተጠቃሚው ወራት መጠበቅ ነበረበት።

ሊብሬ ኦፊስ በአንጻሩ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ዐዲስ እትም ያወጣል። ከ2024 ጀምሮ እትሞቹን በዓመትና በወር ይጠራቸዋል፤ የመጀመሪያው 24.2፣ ቀጥሎ የወጣው 24.8 ተባለ። የሥራው ልዩነት በዕለት ተዕለት ጉዳይም ይታያል። ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የምንላላከው ጽሑፍ አብዛኛው ዶክ ኤክስ በሚባለው ዓይነት የተቀመጠ ነው። ኦፕን ኦፊስ 4.1 ይህን ከፍቶ ያነባል፤ በዚያው ዓይነት መልሶ ማስቀመጥ ግን አይችልም። ሊብሬ ኦፊስ ሁለቱንም ይችላል። በጀርመን የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2024 ሠላሳ ሺሕ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን ወደ ክፍት ፕሮግራሞች ለማዛወር ሲወስን ለጽሕፈት የመረጠው ሊብሬ ኦፊስን ነው።

ይህን ስል በኦፕን ኦፊስ ላይ የቀሩትን ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ለመንቀፍ አይደለም። ጥቂት ሆነው ያን ያህል ዓመት መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል እንጂ። የሚያሳዝነው ሚሊዮኖች ስሙን ብቻ እየጠሩ መውሰዳቸውና ሠሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ መሄዳቸውን አለማወቃቸው ነው። በ2020 ዶክዩመንት ፋውንዴሽን ለኦፕን ኦፊስ ባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሊብሬ ኦፊስ የሚባል መኖሩን ለተጠቃሚዎቻቸው እንዲነግሩ የለመነውም ስለዚሁ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ብዙ ለውጥ ያለበትን መምረጥ ነው» ይል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል ፈርሞ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ አለ፤ ሳይፈርም ቀርቶ የሦስት ሰው ሥራ የሚሠራም አለ። የፕሮግራም ለውጥም ቁጥሩ ብቻ ቢቆጠር እንዲሁ ያሳስታል። አንዱ አንዲት ፊደል ያረመበትን አንድ ለውጥ ይለዋል፤ ሌላው የወር ድካሙን ጠቅልሎ አንድ ለውጥ አድርጎ ያስገባል።

ጸጥ ያለ ሁሉም ሞቷል ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት መጽሐፍ ለማተሚያ እንዲሆን ቴክ የሚባለውን ፕሮግራም መጀመሪያ ያወጡት በ1978 ነው። ፕሮፌሰሩ በኋላ ዐዲስ ነገር መጨመሩን አቁመው ስሕተት ብቻ ያርማሉ። በታረመ ቁጥር የእትሙ ቁጥር ፓይ ወደሚባለው የሒሳብ ቁጥር በአንድ አኀዝ ይጠጋል፤ በ2021 የደረሰበት 3.141592653 ነው። በቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን «የተተወ» ይለዋል። ነገር ግን የተጠናቀቀ እንጂ የተተወ አይደለም። የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ዛሬም የሚጽፉት በእርሱና በእርሱ ላይ በተሠሩት ነው። እንዲሁም ኤስኪውላይት የሚባለውና በእጅ ስልኮቻችን ሁሉ ውስጥ መረጃ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ሠሪዎቹ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ኮድም በልማድ አይቀበሉም። ዳሩ ግን ሥራቸውን በጥብቅ ይፈትናሉ፤ እስከ 2050 ድረስም እንጠብቀዋለን ብለው በይፋ ቃል ገብተዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሠሪው ጸጥታ ከመርካት ነው ወይስ ጥሎ ከመሄድ የሚለው ነው። ይህም የሚታወቀው ለአቤቱታ መልስ በመስጠቱ ነው። ስሕተት ተገኘ ሲባል የሚነሣ ሰው ካለ ቤቱ ሰው አለው።

በሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሁሉ ብዙ ሠሪ አለው ማለት አይደለም። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት የምንላላከውን ምስጢር የሚቆልፍ ቁልፍ ነው። ባንኮችም ታላላቅ ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል። በ2014 በኤፕሪል ወር «ሃርትብሊድ» የተባለ ከባድ ጉድለት ተገኘበት፤ ጉድለቱም ሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም ዞር ብሎ ሠሪዎቹን ሲመለከት ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። በልግስና የሚያገኙትም ገንዘብ በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ነበር። ይህን ያህል ሀብት የሚጠብቅ ዘበኛ ደመወዙ ይህ መሆኑን ማን አስቦት ያውቃል? ታላላቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው መርዳት የጀመሩት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው በ2024 የሆነው ነው። ኤክስዜድ የሚባል የመረጃ ማመቂያ ፕሮግራም አለ። ብዙ ኮምፒዩተሮች ሳያውቁት በውስጣቸው ይዘውታል። ይህን ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት በትርፍ ጊዜው ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ነው። ሰውየው ሥራው በከበደው ጊዜ ጅያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ «ረዳት» ብቅ አለ። ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሠራ፤ እምነት አገኘ፤ የቤቱን ቁልፍም ተረከበ። ከዚያም በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው እትም ውስጥ ሌባ የሚገባበት ስውር በር ከተተበት። የማይክሮሶፍት ባልደረባ የሆኑት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉት መሐንዲስ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲገቡ ነገሩ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ልብ ብለው ሲመረምሩ ደረሱበት። በማርች 29 ቀንም ለዓለም አስታወቁ። የዚያን ፕሮግራም መዝገብ በ2023 የተመለከተ ሰው «ዐዲስ ትጉህ ሠራተኛ አግኝቷል፤ ሥራው ደምቋል» ባለ ነበር! እንግዲህ የለውጡ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሠሪው ማን እንደ ሆነ፣ ሥራውን የሚያይለት ሁለተኛ ሰው መኖሩም ሊታይ ይገባል ማለት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላል ያገራችን ተረት። ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ለሃምሳ ሰው የተከፈለ ሎሚ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ ሊኑክስን ይመልከት። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባሉት በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1991 ለብቻቸው የጀመሩት ነው። ዛሬ ዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንት ባለፈ ቁጥር ዐዲስ እትም ይወጣል። በእያንዳንዱም እትም ውስጥ ከ10,000 በላይ ለውጥ ይገባል፤ ሠሪዎቹም 2,000 ያህል ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የኩባንያ ደመወዝተኞች ሲሆኑ ኩባንያዎቹ በገበያ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ናቸው። አንዱ ኩባንያ ነገ ቢወጣ ሌሎቹ ይቀራሉ። የአንዱንም ለውጥ ሌላው ሳያየው ወደ ዋናው ኮድ አይገባም። በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ገዝተን ብንጠቀም አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። አሳቡን አልንቀውም፤ ገንዘብ ሲኖርና የሚሸጠው ሲሻል መግዛት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የሚሸጠውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እርማት በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማቆሙ ይታወቃል። ልዩነቱ በተዘጋው ነገር ሻጩ የሚነግረንን ብቻ ማመናችን ነው፤ በተከፈተው ግን መዝገቡን ራሳችን ገልጠን ማየት እንችላለን። የተሰጠንን መብት ካልተጠቀምንበት ግን ክፍት መሆኑ ምን ይጠቅመናል?

ከዚህም በላይ ነገሩ ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል። ፋይዳ የሚባለው የብሔራዊ መታወቂያችን የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ፕሮግራም ነው። ይህም በ2018 በህንድ አገር በባንጋሎር ባለ የትምህርት ተቋም ተጀምሮ ፊሊፒንስና ሞሮኮም የተጠቀሙበት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ቁጥር የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ሲሆን ከ70 በሚበልጡ አገሮች ይሠራበታል። የእነዚህ የሥራ መዝገብ መድመቁና መክሰሙ የእኛም ጉዳይ ነው። እነዚህን ከውጭ ሆነን የምንመለከት እንግዶች ሳንሆን ከደቦው ውስጥ የገባን ሰዎች ነን። በደቦ ደግሞ የጎረቤቱን በሬ ለምኖ አርሶ የራሱን በሬ የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት አላፊዎችና እንደ እኔ በኮሚቴ ለሚመረጡ ባልደረቦቼ የሚከተለውን አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማናቸውም ክፍት ፕሮግራም ከመመረጡ በፊት አምስት ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ? ባለፈው ዓመት የሠሩበት ሰዎች ስንት ናቸው? ከእነርሱ ዋናው ቢቀር ሥራውን የሚቀጥል አለ? የቀረበ አቤቱታ በስንት ጊዜ መልስ ያገኛል? ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል? ይህን ለማየት የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። እኛ ያን ግማሽ ቀን ባለማጥፋታችን አሥራ ሁለት ቀን ባለጉዳይ አመላልሰናል።

ሁለተኛ፤ የኮከብና የምስጋና ቁጥር ለመተዋወቂያ እንጂ ለመምረጫ አይሁን። ኮከብ በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉም ይታወቅ።

ሦስተኛ፤ የተመረጠው ፕሮግራም ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ በውስጡ ያለው መዝገብ በየጊዜው በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ዓይነት ተገልብጦ ይቀመጥ። ሰው የሚሠራው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ያልቃል፤ መዝገብ ግን ሊያልቅ አይገባውም።

አራተኛ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓታቸው ጥቂቱን የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች በማረም እንዲያውሉት ይፈቀድላቸው። የእኅቴ ልጅ እንደ ነገረኝ ያገኙትን ስሕተት በትክክል ገልጾ መጻፍ እንኳ ትልቅ እርዳታ ነው። ሊብሬ ኦፊስ ዛሬ በአማርኛ ገጽ የሚከፈተው በጎ ፈቃደኞች ቃላቱን ተቀምጠው ስለ ተረጎሙት ነው። ትርጉሙ ባያምርብን መሳቅ ብቻ ሳይሆን ማረም እንችላለን። የፈረንጅ ልጅ መጥቶ አማርኛችንን እንዲያቃናልን መጠበቅ ግን የሚያሳፍር ነው።

ይህ አራተኛው አሳቤ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው አላፊዎች እንደሚኖሩ አላጣሁትም። ነገር ግን ኦፕን ኤስኤስኤልን ይጠቀሙ የነበሩት ሁሉ «ሌላው ይጠብቀዋል» ብለው ነበር። ሌላውም እንዲሁ ብሎ ነበር። በመጨረሻው ጠባቂው አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ።

በእኔ በኩል ባለፈው ወር ክፍላችን ለሌላ ሥራ ፕሮግራም ሊመርጥ እንደ ገና ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ከላይ የጻፍኋቸውን አምስት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፌ ለአባላቱ አደልሁ። አንዱ ባልደረባዬ «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» አለኝ። የእኒያን እናት ነገር አስታወስሁት፤ ዝም ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ምርጫው ገና አልተጠናቀቀም። ቢዘገይም ግድ የለም፤ ቸኩለን የመረጥነው ምን እንዳደረገን አይተናልና።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ ይቅርታ እየለመንሁ፣ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁ አንባብያን የጎደለውን እንዲሞሉበት፣ የተሳሳትሁትንም እንዲያርሙኝ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ